የውጭ ቋንቋ ክፍል ሲያስፈራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዝኛ ለአሥር ዓመት ተምሮ ክፍል ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር የሚንቀጠቀጥ ሰው ብዙ ነው። ጀርመንኛና ዕብራይስጥ የሚማሩትም ይኼንኑ ይላሉ። ተማሪዎች፣ መምህራንና ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ዝም ያለ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ ነው የሚለውን ፍርድ አልቀበልም። ብዙውን ጊዜ ተማሪውን ዝም የሚያሰኘው ክፍሉ ነው፤ ክፍሉ ደግሞ ሊለወጥ ይችላል።

ይሄ ነገር ተራ ዓይን አፋርነት አይደለም እንዴ?

አይደለም። ሰፈር ውስጥ ጨዋታ የሚያደምቀው ልጅ፣ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ እጁን ቀድሞ የሚያወጣው ልጅ፣ የእንግሊዝኛ መምህሩ ሲገባ አንገቱን ይደፋል። ዓይን አፋር ቢሆን ኖሮ የትም ቦታ ዓይን አፋር ይሆን ነበር።

ኢሌን ሆርዊትዝ፣ ማይክል ሆርዊትዝና ጆአን ኮፕ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1986 ይህን ፍርሃት ራሱን የቻለ ነገር ብለው ለይተው አሳዩ። 33 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅም አዘጋጁ። ስሜ ሲጠራ እንቀጠቀጣለሁ፣ ሌሎቹ ከእኔ የተሻለ ይናገራሉ፣ ስናገር ይስቁብኛል ብዬ እሰጋለሁ የሚሉ ሐሳቦች አሉበት። ተማሪው በእያንዳንዱ መስማማት አለመስማማቱን ይመልሳል። መጠይቁ እስከ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። የእኛም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ይጠቀሙበታል።

ተመራማሪዎቹ ፍርሃቱን ከሦስት ነገሮች ጋር አያይዘውታል፦ ሰው ፊት ከመናገር፣ ከፈተና፣ እና «ሰው ምን ይለኛል» ከሚለው ስጋት ጋር። ይሉኝታ እንደኛ በጠነከረበት አገር ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል ብዬ አምናለሁ። ደግሞም አስቡት። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተከራክሮ የሚረታ፣ ቀልድ የሚያውቅ ሰው በባዕድ ቋንቋ «ስሜ እንትና ነው፤ እኔ ተማሪ ነኝ» ከማለት አያልፍም። ማንነቱ ያነሰ ይመስለዋል። በሒሳብ ክፍል እንዲህ ዓይነት ነገር የለም።

ቤት ውስጥ ያጠናሁት ሁሉ ስጠራ ብን ብሎ ይጠፋል። ረስቼው ነው?

አልረሳችሁትም። ቁጭ እንዳላችሁ ቃሉ ተመልሶ መምጣቱ ለዚህ ምስክር ነው።

አእምሯችን በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ነገር ውስን ነው። በሌላ ቋንቋ ለመናገር ቃሉን መፈለግ፣ ከሌላው ጋር ማያያዝ፣ ግሡን ማስተካከል፣ ያልለመድነውን ድምፅ ማውጣት ያስፈልጋል። በዚህ ሁሉ ላይ «ተሳሳትኩ እንዴ? ማነው የሳቀው? ቲቸር ፊቱን ለምን ቋጠረ?» የሚል ሐሳብ ሲጨመር ለቃሉ ቦታ አይተርፍም። ራሱን እየተቆጣጠረ የሚናገር ሰው ሁለት ሥራ በአንድ ላይ እየሠራ ነው።

ፒተር ማክንታየርና ሮበርት ጋርድነር የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች ፍርሃቱ ሦስት ቦታ ላይ እንደሚገባ አስረድተዋል። ስንሰማ፣ የሰማነውን ስናብላላና ስንናገር። ብዙዎቻችን የምናስተውለው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ነገር ግን የተደናገጠ ተማሪ ጥያቄውን ራሱን አይሰማም። መምህሩ «መልሱን አያውቅም» ሲል ተማሪው ገና ምን እንደተጠየቀ አልገባውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ልትለምዱት የሚገባ ነገር ቢኖር ጥያቄው እንዲደገምላችሁ መጠየቅ ነው። «ኩድ ዩ ሪፒት ዛት ፕሊስ?» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በእንቅልፍ ልባችሁ እስክትወጣ ድረስ ተለማመዷት። ጊዜ ታስገኛለች። ደግሞ በምትማሩት ቋንቋ ተናገራችሁ ማለት ነው።

9ኛ ክፍል ስገባ ለምን ባሰብኝ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛን ደግሞ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲወስዱ አደረገ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ግን የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሆናል። በአንዳንድ ክልሎችና በአዲስ አበባ ለውጡ ከዚያ ቀደም ብሎ ይመጣል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን የምቃወም እንዳይመስላችሁ፤ ልጅ የሚገባው በሚያውቀው ቋንቋ ነው። ችግሩ መሻገሪያው ላይ ነው። ትናንት በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ የነበረው ፍርሃት በአንድ ክረምት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይሆናል። የፊዚክስ ጥያቄ ሁለት ጥያቄ ነው፤ አንዱ ፊዚክስ፣ አንዱ እንግሊዝኛ። ዕፅዋት ምግባቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ በአማርኛ አሳምራ የምታስረዳ ልጅ በባዮሎጂ ክፍል ዝም ትላለች። ካርዷ ላይ የሚጻፈው ግን የባዮሎጂ ውጤት ነው።

ሌላም ነገር አለ። 9ኛ ክፍል ላይ ከተለያየ ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች ይገናኛሉ። አንዷ ከኬጂ ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረች ናት። ሌላው እንግሊዝኛን ከክፍል ውጭ ሰምቶ አያውቅም። አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ራሱን ከእሷ ጋር ያወዳድርና «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ይላል። የጎደለው ችሎታ አይደለም፤ ዕድል ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማሩ ደግሞ ፕላዝማውን ያስታውሳሉ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በማይቆም ፍጥነት ይመጣል። ቴሌቪዥኑ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። ያልገባው ተማሪ «ቆይ» ሊለው አይችልም። ዛሬ ልጆቻቸውን የሚያስጠኑ ብዙ ወላጆች ያንን መቅረት፣ ያንን ከኋላ መሮጥ ይዘው ነው ያደጉት።

ተሳስቼ ሙድ ተያዘብኝ። ከዚያ ወዲህ አፌን አልከፍትም። ምን ላድርግ?

«ችላ በላቸው» ብዬ አላልፋችሁም። በ15 ዓመት ዕድሜ የክፍል ሳቅ ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ የሚሳቅበትን ነገር እንየው። አብዛኛውን ጊዜ አነጋገር ነው። አማርኛ ተናጋሪ «እስትሪት» ሲል ይሳቅበታል። ይህ ግን ስንፍና አይደለም። በአማርኛ ሁለት ሦስት ተነባቢ ተደራርቦ ቃል አይጀምርም፤ ስለዚህ ምላሳችን ፊት ላይ «እ» ይጨምራል። ስፓኒሽ ተናጋሪዎችም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ። ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ትግርኛ ተናጋሪ የሆነ ተማሪ ደግሞ የራሱን ቃና ይዞ ይመጣል። ከገጠር ወደ ከተማ የመጣ ልጅ በአማርኛውም በእንግሊዝኛውም ሊሳቅበት ይችላል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ልጁ ሦስተኛ ቋንቋውን እየተናገረ ነው፤ የሚስቁት ግን ሁለተኛቸውን ነው የሚናገሩት።

ከዚያ ደግሞ ሌላው ወጥመድ አለ። አሳምሮ የተናገረው «ጉራውን ነዛ» ይባላል። የተሳሳተ ይሳቅበታል፣ ያልተሳሳተ ይፎገራል። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ዝም ማለት ብልህነት መስሎ ቢታይ አይገርምም።

የምመክረው ይህን ነው። ፍርሃቱ እስኪለቃችሁ አትጠብቁ፤ በመጠበቅ ብቻ አይለቅም። ከረጅም ዝምታ ይልቅ ቶሎ፣ በትንሽ ነገር መመለስ ይሻላል። አንድ መስመር ጮክ ብሎ ማንበብ ይበቃል። አስቀድማችሁ የጻፋችሁትን አንድ መልስ ማለትም ይበቃል። የማይስቅ አንድ ጓደኛ ፈልጉና ከእሱ ጋር በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ አውሩ፤ ስለ ኳስም ይሁን ስለ ሰፈር ወሬ። መምህራችሁን ደግሞ ከክፍል ውጭ አግኝታችሁ «መናገር እፈልጋለሁ፣ ግን ሲሳቅብኝ ይጠፋብኛል» በሉ። በአማርኛ ንገሩት። ብዙ መምህራን ያ ተማሪ መናገር እንደሚፈልግ አያውቁም።

የምፈራው ስለማላውቅ ነው ወይስ የማላውቀው ስለምፈራ?

ተመራማሪዎችም ተከራክረውበታል። ሪቻርድ ስፓርክስና ሊዮኖር ጋንሾው ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) አንሥቶ ፍርሃቱ ውጤት እንጂ ምክንያት አይደለም ብለው ሞግተዋል። ድምፆችን መለየት ወይም ማንበብና መጻፍ የከበደው ተማሪ ስለከበደው ይፈራል ነው ነገሩ። ሆርዊትዝና ሌሎቹ ደግሞ ቋንቋውን በደንብ የሚችሉ ሰዎችም እንደሚፈሩ ያነሣሉ።

እኔ ሁለቱም እውነት አላቸው ባይ ነኝ። ለተማሪው የሚጠቅመው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። በጽሑፍ ጥሩ እየሠራችሁ ስትናገሩ ብቻ የሚጠፋባችሁ ከሆነ፣ ሰው ፊት መናገርን ተለማመዱ። መጻፉም ማንበቡም የሚከብዳችሁ ከሆነ ግን «አይዞህ» ብቻውን አያስተምርም። ወደ ኋላ ተመልሶ መሠረቱን መያዝ ያስፈልጋል። የ6ኛ ክፍል መጽሐፍ 10ኛ ክፍል ሆኖ መክፈት ነውር አይደለም።

ትንሽ ፍርሃት አይጠቅምም?

ትንሽ መወጠር እንድናጠና ይገፋናል። ላብ የሚያጠምቅ፣ ከክፍል የሚያስቀር ፍርሃት ግን አይጠቅምም። «በፍርሃት ነው የተማርነው» የሚሉ ሰዎች በዚያው ክፍል ተቀምጠው የቀሩትን አይቆጥሩም።

መምህር ነኝ። ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለ። ምን ላድርግ?

ድካምዎ ይገባኛል። የምጠቁመው ግን አብዛኛው ገንዘብም ተጨማሪ ሰዓትም የማይጠይቅ ነው።

ጠይቀው ይጠብቁ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በሳይንስ ክፍሎች ውስጥ መምህራን ጠይቀው በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ ተመለከተች። ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲያደርጉት መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆችም መናገር ጀመሩ። ያ በገዛ ቋንቋቸው ነው። በባዕድ ቋንቋ የሚያስብ ልጅ ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በልብዎ እስከ አምስት ወይም ስድስት ይቁጠሩ። መጀመሪያ ዝምታው ይከብድዎታል። ይታገሱት።

ከሁሉ በፊት ለሁለት ያናግሯቸው። «ከጎንህ ላለው ንገረው» ይበሉና ከዚያ ለክፍሉ እንዲናገር ያድርጉ። ተማሪው አንድ ጊዜ ያለውን ነገር ሁለተኛ ጊዜ ሲለው ይቀለዋል። በትምህርት ቤቶቻችን የሚታወቀው የ1 ለ 5 ቡድን ለዚህ ሊጠቅም ይችላል። ብዙ ቦታ ግን ጎበዙ ብቻ የሚናገርበት፣ ሌላው የሚገለብጥበት ሆኗል። በየሳምንቱ የሚናገረውን ሰው ይቀያይሩ።

ስም በድንገት አይጥሩ። ነገ የሚያነቡትን ዛሬ ይንገሯቸው። በስም ጥሪ ዝርዝር ቅደም ተከተል መጠየቅም ጥሩ አይደለም፤ ተራው የቀረበ ልጅ የራሱን ጥያቄ ሲቆጥር የሌላውን አይሰማም።

ስህተት ማረም ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ልጅ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ተማሪው «ሂ ጎ ቱ ማርኬት» ሲል መሃል ላይ አያቋርጡት። ሐሳቡን ይጨርስ። ከዚያ «ኦኬ፣ ሂ ጎዝ ቱ ዘ ማርኬት። ዋት ደዝ ሂ ባይ?» ብለው ትክክሉን በመልስዎ ውስጥ ያስገቡለት። ጨዋታው አልተቋረጠም፤ ልጁም ትክክሉን ሰማ። አንዳንዱ ተማሪ እንዲህ መታረሙን ላያስተውል ይችላል። ለዚህ ደግሞ የተደጋገሙ ስህተቶችን ማን እንዳለው ሳይጠሩ በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ሰሌዳ ላይ ይጻፉና አብረው ያርሟቸው።

ሳቅን በመጀመሪያው ሳምንት ይቁረጡት። አንድ ጊዜ ዝም ከተባለ ሕግ ይሆናል። እርስዎም አብረው አይሳቁ፤ የመምህር ፈገግታ እንኳ ለተማሪው ፍርድ ነው።

ክፍል ውስጥ አማርኛ ቢከለከል አይሻልም?

አይሻልም። በአንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች አማርኛ የተናገረ ልጅ ይቀጣል ወይም ገንዘብ ይከፍላል። ልጁ ከዚህ የሚማረው ዝም ማለትን ነው። እንግሊዝኛ በብዛት ይነገር፣ እስማማለሁ። ግን ተማሪው «ይህን ቃል በእንግሊዝኛ ምን ይሉታል?» ብሎ በሚያውቀው ቋንቋ የመጠየቅ መብት ይኑረው።

ወላጅ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ «እስቲ እንግሊዝኛ ተናገር» ስለው ልጄ ይሸሻል። ይህን ያህል ከፍዬ!

ክፍያው እንደሚከብድዎ ይገባኛል፤ ኩራትዎም የፍቅር ነው። ለልጁ ግን ፈተና ነው፣ ያውም አክስትና አጎት የተሰበሰቡበት። ይልቅስ ብቻችሁን ስትሆኑ «ይሄን እኔንም አስተምረኝ» ይበሉት። እርስዎ ሲሳሳቱና ሳያፍሩ ሲቀጥሉ ይይ። ከጎረቤት ልጅ ጋር ግን አያወዳድሩት።

ለቤተሰብ ቪዛ የጀርመንኛ ኤ1 (የጀማሪ ደረጃ) ፈተና ልወስድ ነው። ንግግሩን ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ፣ ምን ላድርግ?

ጭንቀቱ ይገባኛል። እዚህ የተያዘው ነጥብ ብቻ አይደለም፤ ትዳር ነው። ጀርመን ከፈረንጆቹ 2007 ጀምሮ ለትዳር ጓደኛ ቪዛ የመጀመሪያ ደረጃ ጀርመንኛ ትጠይቃለች፤ ከዚህ ነጻ የሚሆኑ ሰዎችም አሉ።

ፍርሃትን ከሚያቀሉ ነገሮች አንዱ የሚመጣውን ማወቅ ነው። የጀርመን የቋንቋና የባህል ተቋም በሆነው በጎተ ኢንስቲትዩት የኤ1 ፈተና ንግግሩ 15 ደቂቃ ያህል ነው፣ ከሌሎች ተፈታኞች ጋር በቡድን ትቀመጣላችሁ። ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ ራስን ማስተዋወቅ ነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ አገር፣ መኖሪያ፣ ቋንቋ፣ ሥራ፣ የትርፍ ጊዜ ፍላጎት። ስምን በፊደል መዘርዘርና ቁጥር መናገርም ይኖራል። ሁለተኛው ካርድ ላይ በተጻፈ ቃል ጥያቄ መጠየቅና መመለስ ነው። ሦስተኛው በሥዕል ካርድ አንድ ነገር እንዲደረግላችሁ በትህትና መጠየቅ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ምንም ድንገተኛ ነገር የለውም። ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ ደጋግማችሁ በሉት። ካርዶቹንም ራሳችሁ ሠርታችሁ ከክፍል ጓደኛ ጋር ተለማመዱ። ለማለፍ ከ100 ነጥብ 60 ይበቃል፤ ንግግሩ የሚይዘው 25ቱን ነው። ቃል ቢጠፋችሁ ፈተናው አለቀ ማለት አይደለም። «ይቅርታ፣ እንደገና ቢሉልኝ?» ማለት በጀርመንኛም ይቻላል፤ ፈታኞቹም ለዚህ ደረጃ የሚጠበቀውን ያውቃሉ።

እናቴ እስራኤል ናት። ኡልፓን (የዕብራይስጥ ቋንቋ ትምህርት ቤት) ገብታ «ጭንቅላቴ አይቀበልም» ብላ ልትተወው ነው። እውነት ዕድሜዋ አልፏል?

አላለፈም። ግን እናትሽ የያዘችው ሸክም ከወጣቱ ይበልጣል። ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ እናቶችና አባቶች ትምህርት ቤት ሳይገቡ ነው ያደጉት። ለእነሱ ዕብራይስጡ ብቻ ሳይሆን ወንበር ላይ መቀመጡ፣ እርሳሱ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄደው ጽሑፍ ሁሉ አዲስ ነው። በአገሯ ሽምግልና የምትቀመጥ፣ ምክር የምትጠየቅ ሴት በልጇ ዕድሜ ባለች መምህርት ስትታረም ክብሯ ይነካል። በዚያ ላይ ሐኪም ቤትና ቢሮ ልጆች እያስተረጎሙ ይወስዷታል፤ ጊዜ ለመቆጠብ ነው፣ ግን አፏን የምትፈታበትን ዕድል ይወስዱባታል።

ከፊደል ይልቅ በአፍ ይጀመር። ገበያ፣ አውቶቡስ፣ ፋርማሲ። አብረሻት ሂጂ፣ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቁሚ። እሷ ትጠይቅ፣ ካቃታት ትዞርብሻለች። ከእሷ ጋር ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶች ካሉ ደግሞ አንድ ላይ ኡልፓን ቢገቡ መልካም ነው። ብቻዋን የምትፈራውን ከእነሱ ጋር ትደፍረዋለች።

መቼ ነው ባለሙያ ማማከር ያለብኝ?

ፍርሃቱ የሚመጣው ቋንቋ ክፍል ውስጥ ብቻ ከሆነ ከላይ ያልኳቸውን ሞክሩ። በአማርኛም ሰው ፊት መቅረብ ካቃታችሁ፣ ልብ የሚያስመታና ትንፋሽ የሚያሳጥር ድንጋጤ ከተደጋገመ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተወሰደባችሁ፣ ወይም ትምህርት ቤት መሄድ ካቆማችሁ ግን የአእምሮ ጤና ባለሙያ እዩ። ለባለሙያው የት የት ቦታ እንደሚይዛችሁ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ጽፋችሁ ሂዱ። እዚያም ቃል ሊጠፋባችሁ ስለሚችል ወረቀቱን መስጠት ይበቃል።